ሲ-130 ሄርኩሊስ

ሲ-130 ሄርኩሊስ በአሜሪካው ሎክሂድ (ዛሬ ሎክሂድ ማርቲን) ኩባንያ የሚሠራ፣ አራት ቱርቦፕሮፕ ሞተሮች ያሉት የጦር ማጓጓዣ አውሮፕላን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1954 ሲሆን፣ አዲሱ ዝርያው ሲ-130ጄ ሱፐር ሄርኩሊስ እስካሁን እየተመረተ ይገኛል። ከ2,500 በላይ ሄርኩሊሶች ተሠርተው ከ60 በሚበልጡ አገሮች አገልግለዋል። ሳይቋረጥ ለረዥም ዘመን በመመረት ከጦር አውሮፕላኖች ሁሉ ቀዳሚው እንደሆነ ይነገርለታል።

ስሙ የተወሰደው በጥንካሬው ከሚታወቀው የግሪክ አፈ ታሪክ ጀግና ነው። ሄርኩሊስ ከማጓጓዣ አውሮፕላኖች ሁሉ ፈጣኑም ትልቁም አይደለም። የሚታወቀው ያልተነጠፈና አጭር በሆነ ሜዳ ላይ እስከ 20 ቶን የሚደርስ ጭነት ይዞ ማረፍና መነሳት በመቻሉ ነው። በዚህም ምክንያት ከጦርነት ውጭ ለእርዳታ ማድረሻ፣ ለሰደድ እሳት ማጥፊያ፣ ለአየር ጠባይ ጥናትና ለነፍስ አድን ሥራ ውሏል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ከበረሩት የእርዳታ አውሮፕላኖች መካከልም ይገኝበታል።

አመጣጥ

የኮሪያ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1950 ሲጀመር የአሜሪካ አየር ኃይል በብዛት ይጠቀምባቸው የነበሩት ማጓጓዣዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተነደፉ ባለ ፒስተን ሞተር አውሮፕላኖች ነበሩ። አብዛኞቹ የጭነት በራቸው በጎን በኩል ስለነበር ከባድ መኪና ወይም መድፍ ለማስገባት አይመቹም ነበር። አቅማቸውም ውስን ነበር።

ስለዚህ አየር ኃይሉ እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 1951 አዲስ የማጓጓዣ አውሮፕላን መስፈርት አወጣ። አውሮፕላኑ 92 እግረኛ ወታደሮችን ወይም 64 አየር ወለዶችን ይዞ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲበር፣ ካልተነጠፈ አጭር ሜዳ እንዲነሳ፣ ለአየር ወለድ ዝላይ ፍጥነቱን መቀነስ እንዲችል፣ አንድ ሞተር ቢጠፋበትም በረራውን እንዲቀጥል ተጠየቀ። ከተወዳደሩት ኩባንያዎች መካከል ሎክሂድ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ተመረጠ።

ንድፉን የመራው መሐንዲስ ዊሊስ ሆኪንስ ነበር። በዚያን ጊዜ የኩባንያው ዝነኛ ንድፍ አውጪ የነበረው ኬሊ ጆንሰን ቅርጹን አልወደደውም። ይህን ሐሳብ ለአየር ኃይሉ ማቅረብ ኩባንያውን ያጠፋል ብሎ እንዳስጠነቀቀ ይነገራል። ጆንሰን ፈጣንና ሾጣጣ አውሮፕላኖችን የሚነድፍ ሰው ነበር። የሆኪንስ ቡድን አውሮፕላን ግን አፍንጫው ደንዳና፣ ሆዱ ወደ መሬት የቀረበ፣ ጅራቱ ከፍ ያለ ነበር።

የመጀመሪያው የሙከራ አውሮፕላን ዋይሲ-130 በካሊፎርኒያ ከምትገኘው በርባንክ ተነስቶ ወደ ኤድዋርድስ የአየር ኃይል ሰፈር በረረ። ከመሬት ለመነሳት የፈጀበት ርቀት 260 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ምርቱ ወደ ጆርጂያ ግዛት፣ ማሪዬታ ከተማ ተዛወረ። የመጀመሪያው የማሪዬታ ምርት ሲ-130ኤ እ.ኤ.አ. በ1955 በረረ፤ አየር ኃይሉም እ.ኤ.አ. በ1956 መጨረሻ ላይ መረከብ ጀመረ። አውሮፕላኑ እስከ ዛሬ የሚሠራው በማሪዬታ ነው።

ንድፍ

የሄርኩሊስ ንድፍ የተጀመረው ከጭነቱ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የጭነት ክፍሉ ስፋትና የወለሉ ከፍታ ተወሰነ፤ ክንፉ፣ ሞተሮቹ፣ ጎማዎቹና ጅራቱ ደግሞ ለዚህ ክፍል እንቅፋት በማይሆኑበት ቦታ ተቀመጡ። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ክፍሎች ሁሉ ከዚህ ውሳኔ የመነጩ ናቸው።

የጭነት ክፍልና የኋላ መወጣጫ

የጭነት ክፍሉ 12.2 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 3 ሜትር ያህል ስፋትና 2.7 ሜትር ከፍታ አለው። በረዘመው ዝርያ ውስጥ ርዝመቱ ወደ 17 ሜትር ይደርሳል። ወለሉ ከመሬት ያለው ከፍታ 1 ሜትር ገደማ ሲሆን ይህም ከአንድ የጭነት መኪና አልጋ ከፍታ ጋር ይቀራረባል። በመሆኑም መኪናው የኋላ ጀርባውን ሰጥቶ ተጠግቶ ክሬንም ሆነ ሌላ ማንሻ ሳያስፈልግ ዕቃውን በቀጥታ ወደ አውሮፕላኑ መግፋት ይቻላል። ማንሻ መሣሪያ በሌለበት የገጠር ሜዳ ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው።

ከኋላ ያለው በር በሁለት የተከፈለ ነው። የላይኛው ወደ ውስጥ ወደ ላይ ይነሳል፤ የታችኛው ወደ መሬት ወርዶ መወጣጫ ይሆናል። መኪና በራሱ ሞተር እየነዳ ይገባበታል። ጅራቱ ወደ ላይ ቀና ያለው ለዚህ በር ቦታ ለመተው ነው። ሁለቱም የበሩ ክፍሎች በበረራ ላይ ሳሉ ሊከፈቱ ስለሚችሉ ጭነት ከአየር ላይ መጣል ይቻላል። ከዚህም ሌላ የጭነት ክፍሉ ልክ እንደ መንገደኛ አውሮፕላን የአየር ግፊቱ የተጠበቀ ነው። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ሰፊ የኋላ በር እያለው ግፊቱን አጥብቆ የሚይዝ አካል መሥራት ቀላል አልነበረም።

በወለሉ ላይ ተሽከርካሪ ሮለሮችና የማሰሪያ ቀለበቶች አሉ። መደበኛ የጭነት ፓሌቶች በሮለሮቹ ላይ እየተንሸራተቱ ገብተው ይቆለፋሉ። ሲ-130ኤች 6 ፓሌት፣ ሲ-130ጄ-30 ደግሞ 8 ፓሌት ይይዛል። ፓሌቶቹ ሲነሱ በጎንና በመሐል የሸራ መቀመጫ ይዘረጋል፤ ለሕክምና በረራ ደግሞ በምሰሶዎች ላይ ቃሬዛ በደርብ ይሰቀላል። በዚህ መንገድ አንዱ አውሮፕላን ጠዋት እህል ጭኖ ሄዶ ከሰዓት ቁስለኛ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ክንፍ

ክንፉ ከአውሮፕላኑ አካል በላይ የተቀመጠ፣ ቀጥ ያለና ረዥም ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 40.4 ሜትር ይለካል። ከላይ መቀመጡ ሁለት ጥቅሞች አሉት። አንደኛ፣ ክንፉን የሚሸከመው ዋና መዋቅር የጭነት ክፍሉን አቋርጦ አያልፍም። ሁለተኛ፣ ሞተሮቹና ፕሮፔለሮቹ ከመሬት ስለሚርቁ ጠጠርና አቧራ በቀላሉ አይደርስባቸውም።

ቀጥ ያለ ረዥም ክንፍ ለከፍተኛ ፍጥነት አይመችም፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ግን ብዙ የማንሳት ኃይል ይሰጣል። በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያሉት ትላልቅ ፍላፖች ወደ ኋላና ወደ ታች እየተዘረጉ የክንፉን ስፋትና ጉብጠት ይጨምራሉ። አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ እየበረረ ለማረፍ የሚችለው በእነዚህ እርዳታ ነው።

ሞተርና ፕሮፔለር

ሄርኩሊስ ሲነደፍ የጄት ሞተር አዲስ ነገር ነበር፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ከፍታና ፍጥነት ነዳጅ ያባክን ነበር። ንድፍ አውጪዎቹ የመረጡት ቱርቦፕሮፕን ነው። በቱርቦፕሮፕ ውስጥ የጋዝ ተርባይን የሚያመነጨው ጉልበት አብዛኛው በማርሽ ሳጥን በኩል ፕሮፔለር ለማሽከርከር ይውላል። እስከ ሲ-130ኤች ድረስ ያሉት ዝርያዎች አሊሰን ቲ56 የተባለውን ሞተር ይጠቀማሉ።

የቲ56 አንዱ ባሕርይ በበረራ ላይ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፍጥነት መሽከርከሩ ነው። ተርባይኑ በደቂቃ 13,820 ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ በማርሽ ተቀንሶ 1,020 ጊዜ ይዞራል። አብራሪው ኃይል ሲጨምር የፕሮፔለሩ መቅዘፊያዎች አንግል ይቀየራል እንጂ ሞተሩ ፍጥነት እስኪያነሳ መጠበቅ አያስፈልግም። ስለዚህ ኃይሉ ወዲያውኑ ይገኛል። ሜዳው አጭር ሲሆንና አብራሪው ማረፉን ትቶ እንደገና መነሳት ሲፈልግ ይህ ነገር ሕይወት ያድናል። የመቅዘፊያዎቹ አንግል ተገልብጦ አየሩን ወደ ፊት እንዲገፋ ማድረግም ይቻላል። ይህም ካረፈ በኋላ በፍጥነት ለመቆም፣ በጠባብ ቦታም ያለ ጎታች መኪና ወደ ኋላ ለመሄድ ይጠቅማል።

የማረፊያ እግር

ዋናዎቹ ጎማዎች በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው ተቀምጠዋል። የሚሰበሰቡት ወደ ጭነት ክፍሉ ሳይሆን በአካሉ ጎን ወደ ተሠሩ እብጠቶች ውስጥ ቀጥ ብለው ወደ ላይ በመውጣት ነው። ጎማዎቹ ትላልቅና የአየር ግፊታቸው ዝቅ ያለ በመሆኑ ክብደቱን በሰፊ ቦታ ላይ ያከፋፍላሉ፤ በአሸዋና በአፈር ላይም ቶሎ አይሰምጡም። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸው ደግሞ የኋለኛው የፊተኛው በጠቀጠቀው ዱካ ላይ እንዲሄድ ያደርጋል።

ችሎታ

አጭር ሜዳ ላይ ማረፍ

የአውሮፕላኑ አጭር ሜዳ የመጠቀም ችሎታ በጉልህ የታየው በባሕር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምትና በኅዳር 1963 የአሜሪካ ባሕር ኃይል አንድ ኬሲ-130ኤፍ አውሮፕላን ዩኤስኤስ ፎረስታል በተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ሞከረ። ሌፍተናንት ጄምስ ፍላትሊ ያበረረው ይህ ሄርኩሊስ 29 ጊዜ መርከቡን ነክቶ ወዲያው ተነስቷል፤ 21 ጊዜ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አርፎ ከቆመ በኋላ እንደገና ተነስቷል። በሙከራው ማቆሚያ ገመድም ሆነ ማስወንጨፊያ አልተጠቀመም። 85,000 ፓውንድ (38.5 ቶን ገደማ) በሚመዝንበት ጊዜ ለመቆም የፈጀበት 81 ሜትር ነበር። በመርከብ ላይ ካረፉት አውሮፕላኖች ሁሉ በክብደት የሚስተካከለው አልተገኘም። ይሁን እንጂ ባሕር ኃይሉ ነገሩ ለዘወትር ሥራ አደገኛ ነው ብሎ ስላመነ ለመርከብ ማመላለሻ ሌላ ትንሽ አውሮፕላን መረጠ።

ከፍታና ሙቀት

ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ማለትም እንደ አዲስ አበባና አስመራ ባሉ የአየር ማረፊያዎች፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። በዚህ አየር ውስጥ ክንፉ ተመሳሳይ የማንሳት ኃይል ለማግኘት አውሮፕላኑ 12 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሮጥ አለበት። ሞተሩም የሚያገኘው አየር ስለሚቀንስ ጉልበቱ ይደክማል። ሁለቱ ሲደመሩ የሚያስፈልገው ማኮብኮቢያ ይረዝማል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ማኮብኮቢያው አጭር ከሆነ ያለው አማራጭ ጭነት ወይም ነዳጅ መቀነስ ነው። በመሆኑም አንድ አውሮፕላን የሚጭነው መጠን በቦታው ከፍታና በሰዓቱ ሙቀት ይለያያል።

በዚህ ረገድ ከተመዘገቡት ውጤቶች አንዱ የሕንድ አየር ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 2013 አንድ ሲ-130ጄ በሂማላያ አካባቢ፣ ላዳክ ውስጥ በሚገኘው የዳውላት ቤግ ኦልዲ ሜዳ አርፏል። ይህ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 5,065 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ከራስ ዳሽን ጫፍም ይበልጣል።

ጭነትን ከአየር መጣል

ማረፊያ በሌለበት ቦታ ጭነቱ ከአየር ይጣላል። ለዚህም የተለያዩ ዘዴዎች አሉ፦

• አየር ወለዶች ከጭነት ክፍሉ በግራና በቀኝ ካሉት የጎን በሮች ወይም ከኋላ መወጣጫው ይዘላሉ። ሲ-130ኤች 64፣ ሲ-130ጄ-30 ደግሞ 92 አየር ወለዶችን ይይዛል።
• ጥይት፣ ምግብና ውኃ እስከ 1 ቶን በሚመዝኑ እሽጎች ይዘጋጃል። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ትንሽ ቀና ሲያደርግ እሽጎቹ በሮለሮቹ ላይ በራሳቸው ክብደት ተንሸራተው ይወጣሉ፤ ከዚያም ጃንጥላቸው ይከፈታል።
• መኪናና መድፍ በመድረክ ላይ ይታሰራል። መጀመሪያ ትንሽ ጃንጥላ ከኋላ ተዘርግቶ መድረኩን ጎትቶ ያወጣዋል፤ ዋናዎቹ ትላልቅ ጃንጥላዎች የሚከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው።
• በጂፒኤስ የሚመሩ ጃንጥላዎች ጭነቱ ከከፍታ ተጥሎ ወደተወሰነለት ነጥብ ራሱን እየመራ እንዲወርድ ያደርጋሉ።
• እህልን የመሰለ ጭነት ያለ ጃንጥላ፣ ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብሎ በመብረር ሊጣል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1968 በቬትናም ጦርነት የኬ ሳን ሰፈር በተከበበ ጊዜ የማኮብኮቢያው ሜዳ በመድፍ ስለሚደበደብ ሄርኩሊሶች ለተወሰነ ጊዜ ማረፍ አቆሙ። ሰፈሩ ስንቅና ጥይት ያገኘው በአብዛኛው በጃንጥላ ከሚጣል ጭነት ነበር።

ሲ-130ጄ ሱፐር ሄርኩሊስ

ሲ-130ጄ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1996 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ከውጭ ሲታይ ከቀድሞዎቹ ብዙም አይለይም፤ በቀላሉ የሚለየው በስድስት መቅዘፊያ ፕሮፔለሮቹ ነው። መቅዘፊያዎቹ ከኮምፖዚት የተሠሩና እንደ ጎራዴ የጎበጡ ናቸው። ሞተሮቹ ሮልስ ሮይስ ኤኢ 2100ዲ3 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ከ4,600 የፈረስ ጉልበት በላይ ያመነጫሉ። የሲ-130ኤች ሞተር ጉልበት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ነገር ግን አዲሱ ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል፣ አዲሱ ፕሮፔለርም ጉልበቱን ወደ ግፊት በተሻለ ሁኔታ ይለውጣል። ስለዚህ ሲ-130ጄ ፈጥኖ ከፍታ ይይዛል፣ ሩቅ ይበራል፣ ከአጭር ሜዳም ይነሳል።

ዋናው ለውጥ ግን በኮክፒቱ ውስጥ ነው። ሲ-130ኤች ብዙውን ጊዜ አምስት ሠራተኞች ያስፈልጉታል፦ ሁለት አብራሪዎች፣ አንድ ናቪጌተር፣ አንድ የበረራ መሐንዲስና አንድ የጭነት ኃላፊ። በሲ-130ጄ የናቪጌተሩንና የበረራ መሐንዲሱን ሥራ ኮምፒውተሮች ስለወሰዱት በሦስት ሰው ይበራል። ዲጂታል ስክሪኖች የቀድሞዎቹን የመርፌ ሰዓቶች ተክተዋል። ለሁለቱም አብራሪዎች መረጃውን ዓይናቸው ፊት ባለ መስታወት ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ተገጥሟል። አብራሪው ሜዳውን እያየ ፍጥነቱንና ከፍታውን ማንበብ ይችላል።

ሞተሮቹንም የሚቆጣጠራቸው ኮምፒውተር ነው። ለምሳሌ አውሮፕላኑ በዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ሳለ አንዱ የዳር ሞተር ቢጠፋ፣ ሥርዓቱ በተቃራኒው ዳር ያለውን ሞተር ኃይል ለጊዜው ይቀንሳል። ይህ ባይሆን ኖሮ ጠንካራው ወገን ደካማውን እየገፋ አውሮፕላኑን ሊያጣምመው ይችል ነበር። ፍጥነቱ ሲጨምርና የጅራቱ መሪ አቅም ሲያገኝ ኃይሉ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ያለ ችግር አልመጣም። የሶፍትዌሩ ሥራ ከታሰበው በላይ ጊዜ ወሰደ። በሙከራ በረራም አውሮፕላኑ ፍጥነቱ ከመጠን በላይ ወርዶ የማንሳት ኃይል በሚያጣበት ጊዜ የሚያሳየው ባሕርይ አጥጋቢ ሆኖ ስላልተገኘ፣ አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች የሚገፋ መከላከያ ተጨመረበት። የመጀመሪያው ደንበኛ የነበረው የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላኖቹን ከተቀጠረለት ጊዜ ዘግይቶ ተረክቧል።

ልዩ ዝርያዎች

የጭነት ክፍሉ ባዶና ሰፊ በመሆኑ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች እየተገጠሙለት ብዙ ዝርያዎች ወጥተዋል፦

• ኤሲ-130፦ በጎኑ መድፎች የተተከሉበት ተዋጊ ዝርያ ነው። በዒላማው ዙሪያ እየዞረ ይተኩሳል፤ 105 ሚሊ ሜትር መድፍም ይይዛል።
• ኬሲ-130፦ በአየር ላይ ለሌሎች አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ነዳጅ ይሞላል።
• ኤምሲ-130፦ ለልዩ ኃይሎች ሥራ የሚውል ነው።
• ደብሊውሲ-130፦ በአትላንቲክ የሚነሱ አውሎ ነፋሶች መሐል ድረስ ገብቶ የነፋስ ፍጥነትና የአየር ግፊት ይለካል።
• ኤልሲ-130፦ የበረዶ ሸርተቴ የተገጠመለት ሲሆን በግሪንላንድና በአንታርክቲካ ይሠራል።
• ኤል-100፦ ለሲቪል አየር መንገዶች የተሠራ የንግድ ዝርያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው።

ለሰደድ እሳት ማጥፊያ ደግሞ ልዩ ዝርያ አያስፈልግም። ከ11,000 ሊትር በላይ ፈሳሽ የሚይዝ ጋን በተራው ሲ-130 የጭነት ክፍል ውስጥ ይገፋል፤ ፈሳሹም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይለቀቃል። የእሳቱ ወቅት ሲያልፍ ጋኑ ወጥቶ አውሮፕላኑ ወደ መደበኛ ሥራው ይመለሳል።

በታወቁ ዘመቻዎች

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1976 የእስራኤል ኮማንዶዎች በኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ አየር ማረፊያ የታገቱ መንገደኞችን ለማስለቀቅ በአራት ሄርኩሊሶች ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር በርረው በሌሊት አረፉ። 102 ታጋቾች ነፃ ወጡ። አውሮፕላኖቹ ወታደሮቹን ከነተሽከርካሪዎቻቸው ስለያዙ፣ መወጣጫው እንደወረደ መኪኖቹ በቀጥታ ወደ ተርሚናሉ መንዳት ችለዋል። ሲ-130 በእስራኤል አየር ኃይል «ካርናፍ» (አውራሪስ) በሚል ስም ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1975 መጨረሻ ሳይጎን ልትወድቅ ስትል አንድ ሲ-130ኤ 452 ሰዎች ጭኖ ወደ ታይላንድ ማምለጡ ይታወቃል። ይህ ቁጥር አውሮፕላኑ እንዲይዝ ከተነደፈው መንገደኛ አራት እጥፍ ይበልጣል። አውሮፕላኑ ዛሬ በአሜሪካ፣ አርካንሳስ ግዛት በሚገኘው የሊትል ሮክ የአየር ኃይል ሰፈር ለዕይታ ቆሟል።

ሄርኩሊስና ኢትዮጵያ

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ትልቁ ችግር እህሉን ወደብ ማድረስ ብቻ ሳይሆን ከወደብ ወደ ተራቡት ሰዎች ማሻገሩም ነበር። ብዙ ተጎጂዎች የሚኖሩት መኪና በማይደርስባቸው ደጋማ ቦታዎች ነበር፤ በሰሜኑ ክፍል ጦርነት ስለነበረም ብዙ መንገዶች አያስተማምኑም ነበር። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩሊሶች ከጥቅምት 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 1984) ጀምሮ «ኦፕሬሽን ቡሽል» በተባለው ዘመቻ አዲስ አበባን ማዕከል አድርገው ከአንድ ዓመት በላይ እህል አመላልሰዋል። መቀሌ፣ አክሱምና አስመራ ካረፉባቸው ቦታዎች ይገኙበታል። የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል አውሮፕላኖችም አብረዋቸው ሠርተዋል። በዚያው ዘመን የሶቪየት ኅብረት አንቶኖቭ-12 አውሮፕላኖችም በአገሪቱ ይበሩ ነበር።

ማረፍ በማይቻልባቸው ቦታዎች እህሉ ያለ ጃንጥላ ይጣል ነበር። ጆንያው መሬት ሲነካ እንዳይበተን በሌላ ጆንያ ውስጥ ይደረብ ነበር። አውሮፕላኑም የኋላ በሩን ከፍቶ በተራሮች መካከል ከመሬት 15 ሜትር ገደማ ድረስ ዝቅ ብሎ ይበር ነበር። ቦታውን አስቀድመው የሚያዩትና ሜዳው ከሰው ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጡት ቡድኖች በፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ይጓጓዙ ነበር። በደጋው ስስ አየር ውስጥ፣ ከሙሉ ጭነት ጋር፣ በዚህ ዝቅታ መብረር ስህተትን የሚታገሥ ሥራ አልነበረም።

ከስድስት ዓመታት በኋላ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991) በተካሄደው «ዘመቻ ሰለሞን» ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓታት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጉዘዋል። ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ጎን ለጎን የእስራኤል አየር ኃይል ሄርኩሊሶችም በዚሁ ዘመቻ ተሳትፈዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሲቪሉን ዝርያ ኤል-100-30 ለጭነት ሥራ ተጠቅሟል። የኢትዮጵያ አየር ኃይልም ሲ-130 ካላቸው አየር ኃይሎች አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሜሪካ መንግሥት አንድ ሲ-130 ተረክቧል።

አደጋዎችና የዕድሜ ችግር

ለረዥም ዘመን ማገልገል የራሱ አደጋ አለው። ክንፍ በእያንዳንዱ በረራ ወደ ላይና ወደ ታች ይታጠፋል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም በዓይን የማይታይ ስንጥቅ በብረቱ ውስጥ ይጀምርና እያደገ ይሄዳል። በሄርኩሊስ ላይ ጫናው የሚበዛው ሁለቱ ክንፎች ከአካሉ ጋር በሚገናኙበት መካከለኛ የክንፍ ሳጥን ላይ ነው። ዝቅ ብሎ መብረርና ከባድ ጭነት ጉዳቱን ያፋጥኑታል።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 2002 በካሊፎርኒያ ሰደድ እሳት ሲያጠፋ የነበረ አንድ አሮጌ ሲ-130ኤ ፈሳሹን በሚለቅበት ቅጽበት ሁለቱም ክንፎቹ ተገንጥለው ወደቀ፤ ሦስቱም ሠራተኞች ሞቱ። ምክንያቱ ይኸው በድግግሞሽ የመጣ ስንጥቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ አየር ኃይል በአንድ አውሮፕላን የክንፍ መጋጠሚያ ላይ ስንጥቅ ስላገኘ 123 ሄርኩሊሶችን ለምርመራ ለጊዜው ከበረራ አግዷል።

ፕሮፔለርም የአደጋ ምክንያት ሆኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 2017 በሚሲሲፒ ግዛት አንድ የባሕር እግረኛ ጦር ኬሲ-130ቲ በአየር ላይ ተበታትኖ 16 ሰዎች ሞተዋል። ምርመራው እንዳሳየው አንድ መቅዘፊያ በዝገት ተጎድቶ ነበር፤ በጥገና ጊዜም ዝገቱ በሚገባ አልተወገደም። መቅዘፊያው ሲገነጠል የአውሮፕላኑን አካል ሰንጥቆ አለፈ። ከዚህ አደጋ በኋላ የመቅዘፊያዎች ምርመራ ጥብቅ ሆኗል። ሁለቱም አደጋዎች የሚያሳዩት የአሮጌ አውሮፕላን ደኅንነት በንድፉ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በጥገናው ጥራትም የሚወሰን መሆኑን ነው።

ውስንነትና ተፎካካሪዎች

የጭነት ክፍሉ ስፋትና ከፍታ ከ1950ዎቹ ጀምሮ አልተለወጠም። ርዝመቱ ቢጨመርም ዘመናዊ የጦር ተሽከርካሪዎች እየሰፉና እየከበዱ በመምጣታቸው ብዙዎቹ አይገቡበትም። ዋና የጦር ታንክ መጫን ፈጽሞ አይችልም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ሌሎች አውሮፕላኖች ተሠርተዋል። የአሜሪካው ሲ-17 ከ77 ቶን በላይ፣ የአውሮፓው ኤርባስ ኤ400ኤም እስከ 37 ቶን፣ የብራዚሉ ኤምብራየር ኬሲ-390 እስከ 26 ቶን ይጭናሉ። የእንግሊዝ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የመጨረሻዎቹን ሄርኩሊሶች ከአገልግሎት አሰናብቶ ሥራቸውን ለኤ400ኤም አስረክቧል። በሌላ በኩል በርካታ አገሮች አሁንም ሲ-130ጄ በመግዛት ላይ ናቸው፤ በተለይም የሚያጓጉዙት ጭነት ከ20 ቶን የማያልፍና ሜዳዎቻቸው አጫጭር የሆኑ አገሮች ይመርጡታል።

ዋና ዋና መለኪያዎች

ሲ-130ኤች
• ርዝመት፦ 29.8 ሜትር
• የክንፍ ስፋት፦ 40.4 ሜትር
• ከፍተኛ መደበኛ የመነሻ ክብደት፦ 70.3 ቶን
• ከፍተኛ ጭነት፦ 19 ቶን ገደማ
• መንገደኛ፦ 92፤ ወይም 74 ቃሬዛ
• ፍጥነት፦ በሰዓት 590 ኪሎ ሜትር ገደማ
• ሠራተኞች፦ 5

ሲ-130ጄ-30
• ርዝመት፦ 34.4 ሜትር
• የክንፍ ስፋት፦ 40.4 ሜትር
• ከፍተኛ መደበኛ የመነሻ ክብደት፦ 74.4 ቶን
• ከፍተኛ ጭነት፦ 20 ቶን ገደማ
• መንገደኛ፦ 128፤ ወይም 97 ቃሬዛ
• ፍጥነት፦ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ
• የበረራ ርቀት፦ 16 ቶን ያህል ጭኖ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ
• ሠራተኞች፦ 3